ሦስት ነጥብ በቀኙ ካርቡራቶር

መርዳሳ ጫምሳ ሰው አያምንም። ይህን የሚያወሩበት ጠላቶቹ አይደሉም፤ ራሱ ነው ደረቱን ነፍቶ የሚናገረው። ሻይ ሲያዝ አስተናጋጁ ብርጭቆውን ሲያጥብ ቆሞ ያያል። ቲማቲም ሲገዛ አንድ በአንድ እያገላበጠ ነው። ልቅሶ ቤት ሲሄድ ጃንጥላውን እንደ ሰዉ በር ላይ አይተውም፤ ጭኑ ላይ አጋድሞት ይቀመጣል። ሚስቱ ሰርክአዲስ ትስቅበታለች። «ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ የት ቦታዬ ላይ ምልክት እንዳደረግህብኝ ፈልጌ አጣሁት» ትለዋለች። እሱ ግን አይስቅም። በእሷ ላይ ባያደርግም፣ ምልክት ማድረጉ እውነት ነበርና።

አዳማ ውስጥ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ወረድ ብሎ ባለችው የቆርቆሮ ሱቁ ሠላሳ ዓመት የሞተር ሳይክል ካርቡራቶር ጠግኗል። ካርቡራቶር ቤንዚንን ከአየር ጋር መጥኖ ለሞተሩ የሚያጎርስ፣ ከጭብጥ ትንሽ የሚበልጥ ዕቃ ነው። ጣጣውም ትንሽነቱ ነው። ኪስ ይገባል። ኦሪጅናሉ ወጥቶ ቀሽሙ ቢገባበት ባለቤቱ የሚነቃው ዳገት መሀል ሞተሩ ሲታነቅበት ነው። ስለዚህ በዚህ ከተማ ካርቡራቶሩ ሲፈታ ሳያይ ወደ ጉዳዩ የሚሄድ ሰው የለም። በየሱቁ ደጃፍ ለባለቤቱ የተዘጋጀች ዱካ አለች፤ ሰውየው ሥራውን ጥሎ መካኒኩ አጠገብ ይቀመጥና እያንዳንዷን ብሎን በዓይኑ ይከተላል። ማንም በዚህ አይቀየምም። መርዳሳማ ከሙያው ሁሉ ይህችን ልማድ ይወዳታል፤ ሰው እንዲህ በግልጽ ሲጠራጠር ደስ ይለዋል።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ፒክአፕ መኪና ደጃፉ ላይ ቆመና ሦስት ሰዎች እያቃሰቱ አንድ ጥቁር ሞተር አወረዱ። አሮጌ የጀርመን ሥራ ነው፤ ሁለት ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ እንደ ክርን ወጥተዋል፣ በእያንዳንዳቸው ኋላም አንዳንድ ካርቡራቶር ተሰክቷል። መቀመጫውን አይጥ በልቶታል። መርዳሳ ሞተሩን ገና ከሩቅ ሲያየው አወቀው።

አብራ የመጣችው ሴት ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው።

«እንዴት አደሩ ኦቦ መርዳሳ። ጉዲቱ ኢተፋ እባላለሁ፤ ወንጂ አስተማሪ ነኝ። ይሄ የአባቴ ሞተር ነው። ሁለቱም ካርቡራቶሮች ተበላሽተዋል፣ እሳቸው ጋ ውሰጂው አሉኝ።»

«ማነው ያለሽ?»

«ሰዎች።»

መርዳሳ «ሰዎች» የሚባሉትን አይወድም። ስም የሌለው ሰው አንድ ነገር ያሰበ ሰው ነው ብሎ ያምናል።

«አባትሽ ለምን ራሳቸው አላመጡትም?»

«አረፈ። ዓመት ሊሆነው ነው።»

«ነፍስ ይማር። ልትሸጪው ነዋ።»

«ልነዳው ነው። አሁን ክፍል ስላለኝ ልሂድ፤ ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ።»

«የት ነው የምትሄጂው? ሳይፈታ?»

«አምንዎታለሁ እኮ» አለች ጉዲቱ እየሳቀች።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለው ደንበኛ አልነበረም። ነገሩ አልጣመውም። ሴትዮዋ የተላከች መሰለችው፤ በማን፣ ለምን እንደሆነ ለማወቅም አልተቸገረም። ዱካዋን በእግሩ ገፋ አደረገላት። «ተቀመጪ። ባለቤቱ በሌለበት ካርቡራቶር አልፈታም።» እሷም ሰዓቷን አየች፤ ትምህርት ቤቷ ደወለችና ተቀመጠች።

ሞተሩን ከሩቅ ያወቀበትን ምክንያት ለመናገር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ያኔ ሱቁ የሁለት ሰው ነበር፤ የመርዳሳና የጃፋር። ሁለቱም ወንጂ የተወለዱ የሸንኮራ ሠራተኛ ልጆች ናቸው፤ ሙያውን የለመዱት እዚያው ነው፤ አዳማም አንድ ቀን ነው የመጡት። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠሩ፣ አብረው በሉ። መርዳሳ ግን ከጃፋር የደበቀው አንድ ነገር ነበረው። ሱቁ የሚገባ ካርቡራቶር ሁሉ ሥር፣ ቤንዚኑ የሚጠራቀምባት ኩባያ ውስጥ፣ በሚስማር ጫፍ ሦስት ነጥብ ይመታ ነበር። ጥሩ ዕቃ ሲገባ ነጥቡን ይመታል፤ ሲወጣ ጃፋር ሳያየው ከፍቶ ያረጋግጣል። ስለ ጃፋር ክፉ ያየው ነገር ኖሮ አይደለም። ለጥንቃቄ ነው፤ እሱ እንደዚያ ነው የሚለው።

በ1998 ዓ.ም. የጉዲቱ አባት ኢተፋ ይህንኑ ሞተር አመጣ። መርዳሳ እንደ ልማዱ የግራውን ኩባያ ምልክት አደረገበት፤ ቀኙ የጭስ ማውጫው ጋርዶት አልመች ስላለው ተወው። ከዚያ መተሐራ ልቅሶ ደርሶበት ሁለት ቀን ቆየ። ሲመለስ ጃፋር ሥራውን ጨርሶ፣ ሞተሩ እንደ ሰዓት እየሠራ ጠበቀው። መርዳሳ ጃፋር ምሳ ሲወጣ የግራውን ከፈተ። ነጥብ የለም።

በዚያው ወር የእድር ስብሰባ ነበር። የመካኒኮቹ እድር ነው፤ የከተማው ጋራዥ ሁሉ ያለበት። መርዳሳ ተነስቶ «ጃፋር የሰው ዕቃ ለውጧል፣ አውቃለሁ፣ ማስረጃውን በእጄ ይዣለሁ» አለ። ማስረጃው ምን እንደሆነ አልተናገረም፤ ማንም አልጠየቀውም፣ በሙያው የሚወዳደረው አልነበረምና። ጃፋር አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አዳምጦ ወጣ። መርዳሳ ዝምታውን ጥፋቱን እንደ ማመን ቆጠረው። እድሩ ጃፋርን ሰረዘው፤ በአዳማ ካርቡራቶር የሚሰጠው ሰው ጠፋ፤ በሁለት ወሩም ዕቃውን ጭኖ አርሲ ነገሌ ገባ። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም።

እንግዲህ ይኸው ሞተር ነው የመጣው። «ልጅቷን የላካት ጃፋር ነው» አለ መርዳሳ በልቡ፣ ካቻቢቴውን እያነሳ። «ወይ ሊያሰድበኝ ነው፣ ወይ ሊከሰኝ።»

የግራውን ፈታ። ባለቤቱ ሞተሩን ሲያቆመው ቤንዚኑን ስላላፈሰሰው ውስጡ ደርቆ እንደ ሙጫ ጠጥሯል። አንደኛው ብሎን ተሰብሮ ቀርቷል፤ የቤንዚኑ ማለፊያ ቀዳዳዎች ሁሉ ተደፍነዋል። ፈትቶ ቤንዚን ውስጥ ዘፈዘፈው። ጉዲቱ ከዱካዋ ላይ ሆና የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች፤ ወደ እጁ አንዴም አላየችም። ይህም አናደደው።

«እዪ እንጂ» አላት።

«ባየውስ ምን ይገባኛል?»

«ባይገባሽም እዪ።»

ቀኙ እምቢ አለ። ኩባያው ከላይኛው አካል ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። መርዳሳ ከጎረቤት ሻይ ቤት የፈላ ውሃ አስመጥቶ በጨርቅ እየነከረ አሞቀው፤ በእንጨት መዶሻ በስሱ መታው። ተላቀቀ። መሀሉ ላይ የነበረው ጓርኒሲዮን፣ ቤንዚኑ እንዳያንጠባጥብ የሚያደርገው ስስ ወረቀት፣ ለሁለት ተቀደደ። ጃፋር ጓርኒሲዮን የሚቆርጠው ካለፈበት የግድግዳ ካላንደር ነበር። ቅዳጁ ላይ የቀን ቁጥሮችና «1997» የሚል ጽሑፍ እስካሁን ይነበባል። መርዳሳ ኩባያውን በሎሚ አሻሽቶ ነጩን ዝገት ጠራረገና ወደ ብርሃን ያዘው።

ሦስት ነጥብ።

ተቀመጠ። ማለት የሚቀመጥበት ነገር ሳይኖር ነው የተቀመጠው፤ መሬቱ ላይ። ጉዲቱ ደብተሯን ዘጋች።

«ምን ሆኑ?»

«ይሄን ማነው የከፈተው? ከ1998 ወዲህ?»

«ማንም። አባባ እርስዎ ጋ ከተሠራ በኋላ ካርቡራቶሩን አላስነካም፤ ጎማና ፍሬን ብቻ ነው ወንጂ ያሠራው። ከዚያ እግሩን ታመመ፣ ሞተሩም ቆመ።»

መርዳሳ አላመናት። ጃፋር የሸጠውን በኋላ መልሶ ገዝቶ አስገብቶት ይሆናል አለ በልቡ። ግን የተቀደደው ወረቀት ጭኑ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት ታሽጎ ከከረመ ሲከፈት ይቀደዳል፤ ሁለት ጊዜ አይገጠምም። ጃፋር በእጁ ካሸገው ወዲያ ይህ ካርቡራቶር አልተከፈተም። ከዚያ ተነስቶ የግራውን ኩባያ ከቀኙ አካል፣ የቀኙን ከግራው ገጠመ። ልክክ አሉ። የላይኛው አካል ግራና ቀኝ ይለያያል፤ ኩባያዎቹ ግን አንድ ዓይነት ናቸው። ይህን ማንም የካርቡራቶር መካኒክ ያውቃል። እሱም ያውቅ ነበር። ያኔ ግን ቀኙን ለመክፈት ምን ምክንያት ነበረው? ምልክት ያላደረገበትን ዕቃ ከፍቶ ምን ሊያይ?

ኩባያው አልጠፋም፣ አልተሸጠም። ተዘዋውሮ ነው የተገጠመው። 

«ይህችን ኩባያ ለአንድ ቀን ልወስዳት እፈልጋለሁ» አላት ጉዲቱን። «ከፈለግሽ በደረሰኝ።»

«ይውሰዷት» አለች፤ ለምን እንደሆነም አልጠየቀችው።

በማግስቱ ኩባያዋን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሚኒባስ ተሳፈረ። ሞጆን፣ መቂን፣ ዝዋይን አለፈ፤ አንድ ጊዜም ወደ መስኮቱ አላየም። ምን እንደሚል ሲያዘጋጅ ዋለ። ሆኖም ክፉ ባህሪው አልለቀቀውም፤ ከዝዋይ ወዲያ ደግሞ ጃፋር ነገሩን ሆን ብሎ አድርጎት ይሆናል የሚል ሐሳብ መጣበትና ያዘው። ሆን ብሎ ከሆነ ጥፋቱ የሁለቱም ነው። ይህ ትንሽ አጽናናው።

አርሲ ነገሌ የገበያ ቀን ነበር፤ የስንዴ ጆንያ የጫኑ ጋሪዎች መንገዱን ዘግተውታል። ጃፋር የውሃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር የሚጠግንባት ሱቅ ከእህል ተራው ጀርባ ናት። ጺሙ ነጭ ሆኖ በሂና ቀልቷል። መርዳሳን ሲያይ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተነሳ።

«አካም ጅርታ መርዳሳ። ግባ፣ ተቀመጥ» አለው፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል።

መርዳሳ ያዘጋጀው ንግግር ጠፋበት። ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ መፍታት ጀመረ። ሳይጨርስ ጃፋር አፉን ከፈተ።

«ሦስት ነጥብ» አለ።

«ታውቅ ነበር?» መርዳሳ ወዲያው ተነሳበት። «ጉዲቱን የላክሃት አንተ ነሃ?»

«ጉዲቱ ማናት?»

መርዳሳ ፊቱን አጠናው። አያውቃትም።

ጃፋር ሳይቸኩል ነገረው። ሁለቱን ኩባያዎች በአንድ ሳህን አጥቦ ሲያደርቃቸው ነጥቦቹን አየ። መጀመሪያ የፋብሪካ መስሎት ነበር። ከዚያ መደርደሪያው ላይ የነበሩትን ሌሎች ካርቡራቶሮች ከፍቶ ተመለከተ። ሰባት ነበሩ፤ ሰባቱም ላይ አለ።

«አሥራ አንድ ዓመት» አለ ጃፋር። «ከአንድ ትሪ እየበላን። እኔ ምሳ ስወጣ እየከፈትክ ታይ ነበር ማለት ነው። ያን ቀን እንባዬ መጣ፣ አልደብቅህም። ከዚያ ነጥብ ያለበትን ወደ ቀኙ አዘዋወርኩት። አውቄ ነው። ሲመጣ ይጠይቀኛል አልኩ። ‹ጃፋር፣ እንዲህ ያለ ነገር አጣሁ፣ የት ሄደ?› ብትለኝ፣ ‹ቀኙን ክፈት› እልህ ነበር። ስቀን እንታረቅ ነበር። አንዲት ጥያቄ ነው የጠበቅሁት።»

«እድሩ ላይ ለምን አልተናገርክም?»

«አልጠየቅከኝማ። እነሱም አልጠየቁኝም። ያልጠየቀ ሰው መልሱን ምን ያደርግለታል ብዬ ተናደድኩ። ወጣት ነበርኩ፤ ኩራትም ነበረኝ።» ጃፋር ኩባያዋን አንስቶ ጥቂት አገላበጣት። «ግን ከሁለት ዓመት በኋላ እናቴ አዳማ ሞተች። ለእሷ ነበር እድር የምከፍለው። ተሰርዤ ስለነበር ድንኳን የተከለላት የለም። ጎረቤት በመዳፉ ፀሐይ እየከለለ ቆሞ ሸኛት። ሌላው ሁሉ ይቅር ይባላል መርዳሳ። እሱን ግን እስካሁን አልቻልኩትም።»

መርዳሳ በዕድሜው ሙሉ እንደዚያች ቅጽበት ያፈረበት ጊዜ የለም። ሆን ብለህ አድርገኸዋል ብሎ ጥፋቱን ለመካፈል የመጣባት ሐሳብ ራሷ አሳፈረችው። እርግጥ ሆን ብሎ አድርጎታል። ታዲያ ምን?

«ምን ላድርግ?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ምን አውቄ። ለእኔ አይደለም የተናገርከው፤ ለእድሩ ነው።»

ወደ አዳማ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ የፈለገው ውሸት ነበር። ጃፋር ሌባ አለመሆኑን መናገር ይቻላል፤ ግን «ያኔ በምን አወቅህ? አሁንስ በምን አወቅህ?» ይሉታል። ነጥቦቹን ሳያነሳ የሚቆም ታሪክ ሞጆ እስኪደርስ ፈለገ፣ አላገኘም። ነጥቦቹን ከነገራቸው ደግሞ ጉዱ ሌላ ነው። በከተማው ያለ መካኒክ ሁሉ ካርቡራቶር ሲያስቸግረው የሚያመጣው እሱ ጋ ነው። የእነሱም ዕቃ ሁሉ ላይ ነጥብ መትቷል። የጃፋር ስም የሚመለሰው በእሱ ስም ነው፤ ሌላ መንገድ የለም።

የጉዲቱን ሞተር በአራት ቀን ጨረሰው። የተሰበረውን ብሎን በስቶ አወጣ፤ ቀዳዳዎቹን በጋሪ ፈረስ ጭራ አጸዳ፤ ሽቦ ናሱን ይፍቀዋልና። ኩባያዎቹን በየቦታቸው መለሰ። ሞተሩ በሦስተኛው ምት ተነሳ፤ ጉዲቱም ወንጂ መንገድ ላይ አቧራውን እያስነሳች ሄደች። ሥራው ከሠራቸው ሁሉ የተሻለ ነበር። እሱ ግን ልቡ እሁድ ላይ ነበረ።

እሁድ ሃያ ሦስት ሰው ተሰብስቦ ነበር። የዚያን ጊዜውን ንግግር የሰሙት ዘጠኝ ቀርተዋል፤ ሊቀመንበሩ አቶ ገብረኪዳን አንዱ ናቸው። መርዳሳ ተነሳ። ሁሉንም ተናገረ፤ ሚስማሩን፣ ነጥቦቹን፣ መተሐራን፣ ግራውን፣ ቀኙን። ጃፋር አውቆ እንዳዘዋወረው እንኳ አልደበቀም። «ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር፤ አልጠየቅሁትም። ሌባ ያልኩት በሐሰት ነው» ብሎ ጨረሰ።

 ከዚያ አቶ ገብረኪዳን መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ ጋ ባሉትም ላይ አለ?»

«አለ፣ ጋሼ።»

«ልጄ ባመጣልህስ?»

«አለ።»

ከኋላ አንዱ «የእኔስ?» አለ። ሌላውም ጠየቀ። መርዳሳ እየዞረ መለሰላቸው፤ ማንንም አልዘለለም። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ተሳደበ፤ ሁለት ሰዎች ተነስተው ወጡ፣ ከዚያ ቀን ወዲህም ሱቁ ደርሰው አያውቁም። አቶ ገብረኪዳን ጸሐፊውን የቆየውን መዝገብ አስመጡና የጃፋር ስም እንዲመለስ አስጻፉ። መርዳሳ ግን አልተቀመጠም።

«የእናቱ ድንኳንስ?» አለ።

«ሴትየዋ ካረፉ አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው እኮ» አሉት።

«አባል ከነበረ ይገባው ነበር። አልተተከለለትም።»

ክርክሩ እስከ ቀትር ሄደ። ደንቡ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ የሚከለክልም የለም። በመጨረሻ ድንኳኑ አርሲ ነገሌ ይሂድ፣ የሚችል ሰው አብሮ ይሂድና ይቀመጥ ተባለ። የጭነቱን መኪና መርዳሳ እችላለሁ አለ። ከስብሰባው ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ጃፋር ዘንድ ደወለ።

«የፊታችን እሁድ እንመጣለን» አለው። «የእድሩን ድንኳን ይዘን።»

ጃፋር ደነገጠ። «ማን ሞተ?»

«እናትህ» አለ መርዳሳ።